በ1863ቱ የሠርግ ሜዳሊያ ላይ አረንጓዴ ዱቄት

ጥያቄ፦ የዌልስ ልዑል አልበርት ኤድዋርድና የዴንማርኳ አሌክሳንድራ እ.ኤ.አ. በ1863 ሲጋቡ የተሠራ የነሐስ ሜዳሊያ ነው። ፊደሎቹ ሥር ነጣ ያለ አረንጓዴ ወጥቷል። በምን ላጽዳው?

መልስ 1፦ እባክህ ሎሚም ሆነ የብረት ማጽጃ እንዳታስነካው! ቡናማው ቀለም አንዴ ከተነሳ አይመለስም። መጀመሪያ በስቴኪኒ ነካ አድርገው። ጠንክሮ ከያዘ አትንካው፣ ጉዳት የለውም። እንደ ዱቄት ከረገፈ ግን ክሎራይድ የሚባል የጨው ዓይነት አለበት፤ እርጥበት ባገኘ ቁጥር ነሐሱን ይበላል።

መልስ 2፦ የሚያጣብቅ ከሆነስ? እሱ ከፒቪሲ ፕላስቲክ መያዣ የሚመጣ ነው፤ ንጹሕ አሴቶን (የሚያሟሟ ፈሳሽ) ያነሳዋል። መስኮት ከፍተህ፣ ከእሳት ርቀህ ሥራ።

መልስ 3፦ ዱቄት ከሆነ በስቴኪኒ አራግፈህ በተጣራ ውሃ ዘፍዝፈው፣ ውሃውን በየቀኑ ቀይር። በአሴቶን አድርቀህ እርጥበት ከሚመጥ ሲሊካ ጄል ጋር ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ አስቀምጠው፤ በዕቃው ውስጥ ያለው የአየር እርጥበት ከ40 በመቶ አይለፍ። ጠርዙን ብቻ ያዝ፣ የጣት ላብም ጨው አለው።