ልጃችን ለእናቷ ሐኪም ቤት ታስተርጉም?

ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ ባይፖላር የሚባለው፣ ስሜትን አንዴ ከልክ በላይ ከፍ አንዴ ወደ ድባቴ የሚያወርድ የአእምሮ ሕመም እንዳለባት ከተነገረን 4 ወር ሆነን። እኔም እሷም የአገሩን ቋንቋ ገና አልያዝነውም። ከቤታችን አቀላጥፋ የምትናገረው የ11 ዓመት ልጃችን ናት። ቀጠሮ ሲደርስ ከትምህርት ቤት እያስቀረን ይዘናት እንሄዳለን፣ ሁሉንም ታስተረጉምልናለች። ሰሞኑን ግን ሌሊት እየተነሳች እናቷ መተኛቷን ስታይ ደረስኩባት። ልጅ ናት ብለን ስለ ሕመሙ ምንም አልነገርናትም። በዚህ ያለፈ ሰው ካለ ምክሩን አይንፈገኝ።

— — —

ወንድሜ፣ ባለቤትዎን እግዜር ይማርልዎ። እኔ እንደ ልጅዎ ነበርኩ።

ለእናቴ ማስተርጎም የጀመርኩት በ10 ዓመቴ ነው። ያኔ ድባቴ ይዟት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር የምትውለው። ሐኪሙ ከዚህ በፊት ደስታው ከልክ ያለፈ፣ እንቅልፍም የማያሻት ጊዜ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። እናቴ ዝም ብላ ቆየችና «አንድ ሰሞን ሌሊቱን ሙሉ ስሠራ አድር ነበር፤ ያጠራቀምነውንም ገንዘብ ጨረስኩት» አለች። ያን ሰሞን እኔም አውቀዋለሁ። በእኩለ ሌሊት ቀስቅሳኝ ስለምንገዛው ትልቅ ቤት የነገረችኝ፣ አብረን እስኪነጋ የሳቅንበት ሰሞን ነው። ደስ ይለኝ ነበር። ገንዘቡን ጨረሰች ብሎ ለባዕድ መናገር ግን የቤት ገመና ማውጣት መሰለኝ። «አልነበረም ትላለች» አልኩት።

ሐኪሙ የድባቴ መድኃኒት ብቻ አዘዘላት። ባይፖላር ላለበት ሰው ያ መድኃኒት ለብቻው ሲሰጥ ወደ ማኒያ፣ ማለትም ሐኪሙ ወደ ጠየቀው ከልክ ያለፈ ደስታና እንቅልፍ የማያሻው ሁኔታ፣ ሊገፋው እንደሚችል ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። በ3ኛው ሳምንት እንቅልፍ ከዓይኗ ጠፋ፤ ሳትተኛ ትናገራለች፣ ሳትበላ ትወጣለች። ሆስፒታል ገባች። እናቴን ያሳበድኳት እኔ ነኝ ብዬ አምኜ ስንት ዓመት ኖርኩ፤ ለማንም አልተነፈስኩም።

ሆስፒታልም አስተርጓሚዋ እኔው ነበርኩ። ሊቲየም የሚባለውን መድኃኒት ሲጀምሩላት ኩላሊትንና ታይሮይድ የሚባለውን የአንገት ዕጢ ስለሚነካ፣ መጠኑም በደም ውስጥ ትንሽ ካለፈ ስለሚመርዝ በየጊዜው ደሟ መታየት አለበት አሉ። እኔ «ኩላሊት» የሚለውን ቃል በአማርኛ አላውቀውም ነበር። «ሆድ» ብዬ አለፍኩት፤ «ታይሮይድ»ን ጭራሽ ዘለልኩት። ተቅማጥና ትውከት ሲኖር፣ ወይም እንደ ኢቡፕሮፌን ያለ ማስታገሻ ሲወሰድ ሊቲየሙ በደም ውስጥ ሊከማች እንደሚችልም ተነግሮኝ እንደሆነ አላስታውስም። ቢነገረኝስ በምን አፌ ላስተረጉመው? ሊቲየም ለማኒያ እንደሚረዳ አውስትራሊያዊው ሐኪም ጆን ኬድ ከጻፈበት ከ1949 ጀምሮ ብዙ ሰው አቁሟል፤ እናቴንም አቁሟታል። ግን ጥንቃቄውን የሚሰማው አዋቂ መሆን አለበት።

ስለዚህ አታስተርጉም። ብዙ አገር ሆስፒታሎች አስተርጓሚ ያቀርባሉ፤ በአካል ባይገኝ በስልክ ይገኛል። ቀጠሮ ሲይዙ አስቀድመው ይጠይቁ፣ ልጅቷ ትችላለች ቢሏችሁም እሺ አይበሉ። የአገራችን ሰው ሰምቶ ወሬው ይወጣል ብለው እንደሚሰጉ ይገባኛል፤ እናቴም ይህንኑ ነበር የምትፈራው። ሌላ ከተማ ያለ አስተርጓሚ በስልክ እንዲሆንልዎ ይጠይቁ፣ የባለቤትዎም ስም እንዳይጠራ ያሳስቡ። አስተርጓሚ የሰማውን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት።

ለልጅዎ የሕመሙን ስም ይንገሯት። ያልነገሩት ልጅ ከራሱ ታሪክ ይሠራል፣ በዚያ ታሪክ ውስጥም ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ እሱ ራሱ ነው። አንቺ አላመጣሽውም ይበሏት፣ ደግመው ደጋግመው። ይሄ ነገር ጠዋት ስቆ ማታ ማልቀስ እንዳልሆነም ይንገሯት፤ ማኒያው ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ድባቴው 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ይቆያል። ይህን የምለው በራሴ ደርሶ ነው። እናቴ በተቆጣች ቁጥር «መድኃኒትሽን ወስደሻል?» እላት ነበር። አንድ ቀን «እንደ ሰው እናት መቆጣት እንኳ ተከለከልኩ?» አለችኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እኔም ይይዘኝ ይሆን ብላ መጠየቋም አይቀርም። አይዋሿት። ወላጁ ባይፖላር ያለበት ልጅ ዕድሉ ከሌላው ይጨምራል፤ አብዛኞቹን ግን አይዛቸውም።

ሌሊት መነሳቷን በተመለከተ፣ ልጅቷ ያየችው ልክ ነው። እንቅልፍ መቀነስ ማኒያ ሲመጣ ቀድሞ ከሚታዩት ምልክቶች አንዱ ነው። ጥበቃው ግን የእርስዎ ነው። ባለቤትዎ ደህና በሆነችበት ሰዓት ቁጭ ብላችሁ ምልክቶቹን፣ ለማን እንደሚደወል፣ ልጅቷ የት እንደምትቆይ በወረቀት ጻፉት። ዛሬ ማታ ደግሞ «እናትሽን እኔ አያታለሁ፣ አንቺ ተኚ» ይበሏት። እኔ ይህን የሚለኝ ሰው አላገኘሁም።

— — —

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ለማክሰኞው ቀጠሮ የስልክ አስተርጓሚ አስይዣለሁ። ትናንት ማታ ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ የሕመሙን ስም ነገርኳት፤ ያንቺንም ታሪክ ስም ሳልጠራ አጫወትኳት። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «አባዬ፣ እኔም ለሐኪሟ ያልነገርኳት ነገር አለ» አለችኝ። እስክትጨርስ ሰማኋት። በወረቀት አስፍሬዋለሁ፤ ማክሰኞ እኔው እነግራታለሁ።