በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ያሉትን የቆዩ የሜርኩሪ መብራቶች ማትረፍ ይቻላልን?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አባላት፣ በማገለግልበት የአዲስ አበባ ደብር ከዋናው በር እስከ ዐውደ ምሕረቱ ድረስ ጌጠኛ የብረት ምሰሶዎች ግራና ቀኝ ቆመዋል። የሜርኩሪ መብራቶቻቸው ገና ይሠራሉ፤ ነገር ግን ለመድመቅ ጥቂት ደቂቃ ይፈጅባቸዋል፣ የአንዱ አምፖልም ውጫዊ ብርጭቆው ተሰብሯል። ሰበካ ጉባኤው ሁሉንም ነቅሎ ፓውዛ ሊተክል አስቧል፤ እኔ ግን ቢጠገኑ እወዳለሁ።

መልስ (ከኤሌክትሪክ ባለሙያ)፦ ከሁሉ አስቀድመው የተሰበረውን ዛሬውኑ ያጥፉት። በአምፖሉ ውስጥ ያለችው ትንሽ የኳርትዝ ቱቦ አልትራቫዮሌት ጨረር ታወጣለች፤ ጨረሩን የሚያግደው ውጫዊው ብርጭቆ ስለሆነና ብርጭቆው ቢሰበርም ቱቦዋ መብራቷን ላታቆም ስለምትችል፣ ከሥሩ ቆሞ ኪዳን የሚያደርስ ሰው ዓይኑና ቆዳው ሊጎዳ ይችላል። የቀሩት ቀስ ብለው መድመቃቸው ብልሽት አይደለም፤ ሜርኩሪው ሞቆ እስኪተን ጊዜ ይወስዳል፣ ኃይል ተቋርጦ ሲመለስም አምፖሉ ካልቀዘቀዘ ዳግም አይበራም።

አዲስ የሜርኩሪ አምፖል መፈለግ አያዋጣም፤ ስለ ሜርኩሪ የተደረገው ዓለም አቀፍ የሚናማታ ስምምነት ለአጠቃላይ መብራት የሚውሉት ከእ.ኤ.አ. 2020 ወዲያ እንዳይመረቱ፣ ወደ አገር እንዳይገቡና እንዳይላኩ ወስኗል። ስለዚህ ምሰሶውንና ፋኖሱን እንዳለ ትተው ውስጡን ይለውጡ። መስመሩ ከብሬከሩ ከተቋረጠ በኋላ ባላስቱ (ወደ አምፖሉ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚመጥነው ዕቃ) እና አብሮት ያለው ካፓሲተር ይወጡና አምፖል መያዣው 220 ቮልት በቀጥታ እንዲያገኝ ይደረጋል። የ125 ዋቱ አምፖል አብዛኛውን ጊዜ ኢ27 (27 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጥምዝ)፣ የ250 ዋቱ ደግሞ ሰፋ ያለው ኢ40 መያዣ አለው። በተዘጋ ፋኖስ ውስጥ እንዲሠራ የተዘጋጀ ኤልኢዲ ይግዙ፤ ሙቀቱ መውጫ ካጣ ዕድሜው ያጥራል።

ጠያቂው፦ እግዚአብሔር ያክብርልን። የምሰሶዎቹ እግር ዝጓል፤ ብየዳ ይበቃዋልን?

መልስ (ከብረታ ብረት ሠራተኛ)፦ ምሰሶው ካስት አይረን (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ከሆነ በተራ ኤሌክትሮድ አይበየድም፤ ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። የኒኬል ኤሌክትሮድ የሚጠቀምና ብረቱን አስቀድሞ የሚያሞቅ ባለሙያ ይፈልጉ። አሮጌው ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አይፋቅ፣ እያራሱ ይፋቅ።

መልስ (ከአንድ የደብር አገልጋይ)፦ እባክዎ ፓውዛው እንዳይተከል ይከላከሉልን፤ ለማሕሌት በሌሊት የሚመጣውን ምእመን ዓይን ይወጋል። 2700 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) የሆነ ሞቅ ያለ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ብርሃን ለመንገዱ ይስማማል። ደብሩ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ፣ ምንም ከመነቀሉ በፊት የቅርስ ባለሥልጣንን ፈቃድ በጽሑፍ ይጠይቁ። የወጡትን የሜርኩሪ አምፖሎችም በካርቶን ጠቅልለው ለብቻ ያስቀምጡ እንጂ ከግቢው ቆሻሻ ጋር አያቃጥሏቸው።