ለውጭ እንግዶች ቀን ስንቆርጥ ምን ምን እናጣራ?

አወቱ፦
ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የእንግዳ አቀባበል ሥራ እሠራለሁ። ከጣሊያን ከሚመጣ የልዑካን ቡድን ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈራርመን፣ እንግዶቹን ጅሬን ወደሚገኘው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ልንወስድ አስበን ነበር፤ እነሱ ፌብሩዋሪ 19ን ሲያቀርቡልን ሳናመነታ ተቀበልን። በመጥሪያው ካርድ ናሙና ላይ ሁለቱ አቆጣጠሮች ጎን ለጎን ሲጻፉ «ይኼ እኮ የካቲት 12 ነው» ያለን የማተሚያ ቤቱ ልጅ ነው። አሁን ወደ ሜይ 5 ይተላለፍ የሚል ሐሳብ አለ። ዳግም እንዳንሳሳት ምን እናጣራ?

ሒርማታ፦
ልጁን አመስግኑት። የካቲት 12 ቀን 1929 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ አዲስ አበባ ላይ ለሦስት ቀን የተፈጸመው ጭፍጨፋ የሚታሰብበት ዕለት ስለሆነ፣ በዚያ ቀን የሚመጣ የጣሊያን መልእክተኛ ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ሥር የአበባ ጉንጉን ያኖር እንደሆነ እንጂ ለፊርማና ለግብዣ አይቀመጥም። ሜይ 5 ደግሞ ከድጡ ወደ ማጡ ነው፤ ሚያዝያ 27 ላይ ይውላል። የጣሊያን ጦር በ1928 አዲስ አበባ የገባው በዚያ ዕለት ሲሆን፣ ንጉሠ ነገሥቱም በ1933 ሲመለሱ ያንኑ ቀን ጠብቀው ነው የገቡት።

የጅሬን ጎረቤት፦
ቀን ከአንዱ አቆጣጠር ወደ ሌላው ስትመልሱ በየዓመቱ እንደ አዲስ ቁጠሩ። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት የካቲት 12 የሚውለው ፌብሩዋሪ 20 ላይ ነው፤ በ2012 እንዲያ ነበር። የዓድዋ ነገር ደግሞ ይብሳል፦ ጦርነቱ በተደረገበት በ1888 የካቲት 23 በፈረንጆቹ ማርች 1 ነበር፣ ፈረንጆቹ ግን 1900ን ያለ ፌብሩዋሪ 29 ስላሳለፉት ዛሬ እኛ የምናከብረው ማርች 2 ላይ ነው፣ የእነሱ የታሪክ መጻሕፍት ግን ማርች 1 ይላሉ። ሁለቱንም ዝለሏቸው።

ሒርማታ፦
የእንግዳውንም ሐዘን እዩ። ጀርመኖች ኖቬምበር 9 ቀን 1989 የበርሊን ግንብ ቢከፈትላቸውም፣ በ1938 በዚያው ሌሊት ምኩራቦች የተቃጠሉበት ስለሆነ የአንድነት በዓላቸውን ኦክቶበር 3 አድርገውታል። ከሩዋንዳ እንግዳ ካላችሁ የዘር ጭፍጨፋው የሚታሰብበትን ኤፕሪል 7ን አትንኩ።

አወቱ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ካርዱ ቆሟል፤ ሦስት ቀኖች በሁለቱም አቆጣጠር ጽፈን ለኤምባሲያቸው ልንልክ ነው፤ ከመላካችን በፊት ግን ለማተሚያ ቤቱ ልጅ አሳየዋለሁ።