የገና የፍቅር ፊልም ወይስ የፖሊስ ድራማ፣ የቱ ነው የባሰ የሚዋሸን?

ሪሞት_የኔ_ነው፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች፣ የቤት ውስጥ ክርክር ይዤላችሁ መጥቻለሁ ፍረዱኝ። ኦክቶበር ሊያልቅ ሲል ጀምሮ እኛ ቤት ቲቪው የባለቤቴ ነው፣ ሆልማርክ የሚባለው የፍቅር ፊልም ጣቢያ ከተከፈተ አይዘጋም። እነዚህ ሰዎች ከ2009 ጀምሮ በየዓመቱ የገና ፊልም እንደጉድ ሲያወርዱት ነው የኖሩት፣ በአንድ ሲዝን 40 አዲስ ፊልም ያወጡበት ዓመት ሁሉ አለ፣ ለኔ ግን 40ውም አንድ ፊልም ነው። ልጅቷ ኒውዮርክ ትልቅ ሥራ አላት፣ ስልኳ አያርፍም፣ እጮኛዋ ሱፍ ለባሽ ነው ጊዜ የለውም፣ ከዛ በሆነ ምክንያት ያደገችበት ትንሽ ከተማ ትመለሳለች፣ እዛ ደግሞ ካሬ ካሬ ሸሚዝ የለበሰ ሚስቱ የሞተችበት አንዲት ትንሽ ልጅ ያለችው ሰውዬ የገና ዛፍ ሲጭን ታገኘዋለች፣ መጀመሪያ ይጨቃጨቃሉ፣ ሊዘጋ የደረሰ ዳቦ ቤት አለ እሱን ያድናሉ፣ ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ይሳሳማሉ በረዶ ይጥላል አለቀ። እኔ አስር ደቂቃ አይቼ ማን ማንን እንደሚያገባ እናገራለሁ፣ እሷ ግን እያወቀችው ታለቅሳለች!

እኔ የላው ኤንድ ኦርደር ሰው ነኝ፣ የፖሊስና የፍርድ ቤት ድራማው፣ በተለይ የወሲብ ጥቃት መርማሪዎቹ ያሉበት ኤስቪዩ። ከ1999 ጀምሮ ሳይቋረጥ የቆየ ሾው ነው፣ ዋናዋ ፖሊስ ኦሊቪያ ቤንሰን ከዲቴክቲቭነት ተነስታ ካፒቴን እስክትሆን አብሬያት ነው ያረጀሁት። ቢያንስ እሱ የእውነቱን ዓለም ነው የሚያሳየው፣ ወንጀል አለ፣ ምርመራ አለ፣ ፍርድ ቤት አለ፣ ሰው ይማርበታል። ይሄን ስላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው፣ «ያንተም እኮ ሆልማርክ ነው፣ ሬሳ ተጨምሮበት እንጂ።» በጣም ነው የተናደድኩት። ማናችን ነን ልክ?

ቀረፋ_ሻይ፦
ሃሃሃ ባለቤትህ አንደኛ ናት በላት።

እኔ ቀንደኛ የገና ፊልም ተመልካች ነኝ፣ አላፍርበትም። ውሸት መሆኑን እኮ ካንተ በላይ እናውቃለን ወንድሜ። አብዛኞቹ የሚቀረጹት ካናዳ ነው፣ ቫንኩቨር አካባቢ፣ ብዙ ጊዜም በበጋው ሙቀት፣ አክተሮቹ ካፖርትና ስካርፍ ለብሰው እያላባቸው፣ በረዶው ደግሞ አረፋ ምናምን ነው። አንዱን ፊልም በሁለትና ሦስት ሳምንት ቀርጸው ይጨርሱታል። በሚቀጥለው ስታይ ደግሞ የቡና ኩባያቸውን እይልኝ፣ ልጅቷ ትኩስ ቡና ይዣለሁ ብላ እጇን እያወናጨፈች ታወራለች፣ ኩባያው ባዶ ነው፣ አንዲት ጠብታ አትፈስም፣ ክዳኑን ወደ አፏ ስታስጠጋ እንኳን ጉሮሮዋ አይንቀሳቀስም። እኔና እህቴ ሥራችን እሱን መያዝ ነው፣ ስልክ ላይ ሆነን «አየሽ አየሽ ባዶ ነው» እንባባላለን።

የሚያናድደኝ ነገር የለም ማለቴ አይደለም። ልጅቷ ሁሌ ሥራዋን ጥላ ዳቦ ቤት ትገባለች፣ ኢንሹራንሱን ማን እንደሚከፍል የሚጠይቅ የለም፣ ያ ሁሉ ኩኪ ተጋግሮ ሳህን የሚያጥብ ሰው አታይም። ለስንት ዓመት ደግሞ ዋናዎቹ ገጸ ባህሪያት ነጭ ብቻ ነበሩ፣ ጥቁሯ ሁሌ ምክር የምትሰጥ ጓደኛ ናት፣ የራሷ ፍቅር የላትም። ስንቱ ጮሆባቸው ነው ቀስ እያለ የተለወጠው።

ግን እኔ የምሠራው ኬር ነው፣ የአረጋውያን ቤት፣ ማታ። ጠዋት ስገባ ሬሳና አስከሬን ምርመራ ማየት አልፈልግም ይቅርታ። ማንም የማይሞትበት፣ ክፉው ሰውዬ ራሱ መጨረሻ ላይ ሹራብ ለብሶ ይቅርታ የሚጠይቅበት ነገር ነው የምፈልገው። እና ደግሞ የኛ ገና ሲደርስ እነሱ ዛፋቸውን መንገድ ዳር ጥለው ጨርሰዋል፣ ዲሴምበር 25 አልፎ እስከ ጃንዋሪ 7 ያለችውን ጊዜ እኔ የቀዳኋቸውን እያየሁ ነው የምገፋት፣ በጾሙ እነሱ ኩኪ ሲበሉ ማየት ፈተና ቢሆንም ሃሃ።

የፍርድ_ቤት_ኮሪደር፦
እህታችን ጨርሳዋለች ግን እኔ ከሌላ በኩል ልምጣ። ሥራዬ ፍርድ ቤት ማስተርጎም ነው፣ አማርኛ ተናጋሪ ሲመጣ እጠራለሁ። ሰው ስም አልጠራም ጉዳይም አላነሳም፣ በአጠቃላይ ነው የማወራው።

ወንድሜ፣ ኤስቪዩ የእውነቱን ዓለም ነው የሚያሳየው ስትል ሳቄ ነው የመጣው። እዚህ አሜሪካ ከሚፈረድባቸው 100 ሰዎች ከ90 በላዩ ጥፋተኛ ነኝ ብለው ተደራድረው ነው የሚፈረድባቸው፣ ፕሊ ዲል ነው። ጁሪ (ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች) ፊት ቆሞ ጠበቃ የሚያንባርቅበት ያ ትዕይንት ከስንት አንዴ ነው። አብዛኛው ነገር የሚያልቀው ኮሪደር ላይ ነው፣ ጠበቃው ፋይል በብብቱ ይዞ ይመጣል፣ ሰውዬውን አግዳሚ ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል፣ «ይሄን ከተቀበልክ ይሄን ያህል ነው፣ ካልተቀበልክ እስከዚህ ሊደርስ ይችላል» ይለዋል፣ ሰውዬው ሚስቱን ያያል፣ እኔ በመሃል ቆሜ እተረጉማለሁ፣ ሙዚቃ የለም፣ ከኋላችን ሌላ ቤተሰብ ወንበሩ እስኪለቀቅ ይጠብቃል። ይሄ በቲቪ አይሸጥም። ዲኤንኤውም ቢሆን ማስታወቂያ አልፎ ሲመለስ ውጤት ደርሷል፣ በእውን ሳምንት ወር ምናልባትም ከዛ በላይ ይፈጃል። በቲቪ ደግሞ ሁሉም ገዳይ ይያዛል፣ እዚህ አገር ግን ገዳዩ ሳይያዝ የሚቀር ብዙ ግድያ አለ።

እሺ ይሄ መዝናኛ ነው ልበል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በነዚህ ድራማዎች ጠበቃ እፈልጋለሁ የሚል ሰው ሁሌ ጥፋተኛው ነው ወይም ሥራ የሚያጓትት ነው፣ ዲቴክቲቯ አይኗን ታጉረጠርጣለች፣ እኛም አብረናት እንበሽቃለን። ቺካጎ ፒዲ የሚባለው ድራማ ላይ የፖሊስ አለቃው ቮይት ሰውን ሲደበድብ «አበጀህ» ነው የምንለው፣ ጥፋተኛ መሆኑን ስላየን። ከለር ኦፍ ቼንጅ የሚባለው ድርጅት በ2020 ይሄንኑ አጥንቶ ነበር፣ በነዚህ ሾዎች ደንብ የሚጥሰው ጥሩ ተብሎ የቀረበው ፖሊስ ነው፣ ጥሰቱም ትክክል መስሎ ነው የሚቀርበው ብሎ። ይሄን ስንት ዓመት ያየ የኛ ሰው «ንጹህ ከሆንኩ ምን ያስፈራኛል፣ እውነቱን ተናግሬ እወጣለሁ» ብሎ ለሰዓታት ያወራል። ዝም የማለት መብትህን እንዲነግሩህ ከ1966 ጀምሮ ግዴታ ነው፣ ያንን ከፊልሙ በቃልህ ይዘኸዋል፣ ግን ፖሊስ ምርመራ ላይ ሊዋሽህ እንደሚችልስ ታውቃለህ? «ጓደኛህ ሁሉን ነግሮናል» ሊልህ ይችላል፣ ጓደኛህ ምንም ሳይል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1969 እንዲህ ያለው ውሸት ብቻውን የሰጠኸውን ቃል ውድቅ አያደርገውም ብሏል። ቲቪው ላይ ይሄ የዲቴክቲቩ ብልጠት ነው የሚባለው።

ስለዚህ ለኔ ሆልማርክ ይሻላል። እሱን አይቶ ሥራውን ለቆ ዳቦ ቤት የከፈተ ሰው አላጋጠመኝም።

እሁድ_ምሳ፦
የኮሪደሩ ሰውዬ ከበድ አደረጋችሁብን እኮ ሃሃ። አባቴ ብሉ ብለድስ የሚባለውን የፖሊስ ቤተሰብ ድራማ ነው የሚያየው፣ ወንጀሉን እንኳን አይከታተልም፣ የሚጠብቀው እሁድ የሬገን ቤተሰብ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስቦ ጸሎት አድርሶ ሲበላ ነው። አያት አለ፣ ቶም ሴሌክ አለ፣ ልጆቹ ይጨቃጨቃሉ፣ ፖሊሱ አቃቤ ሕጓ ሁሉም አንድ ቤት። «ይኸውላችሁ እንደዚህ ነው» ይለናል ወደ ስልካችን እያየ። ዲሴምበር 2024 ከ14 ሲዝን በኋላ ሲያልቅ ጭራሽ ተከፋ፣ ከእንግዲህ አርብ ማታ ሲሆን ምን ላድርግ አለ። እና የባለቤትህን አባባል እደግፋለሁ፣ አባቴ ሳያውቀው ሆልማርክ ነው ሲያይ የኖረው።

ባልቲሞር_በር፦
ማንም ዘ ዋየርን፣ የባልቲሞርን ፖሊስና የዕፅ ነጋዴዎች የሚያሳየውን ድራማ፣ አለማንሳቱ ገረመኝ። ከዲሲ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው እኮ ባልቲሞር። ከ2002 እስከ 2008፣ አምስት ሲዝን። አንዱ ፈጣሪው የባልቲሞር ሰን የወንጀል ጋዜጠኛ የነበረ ነው፣ አብሮት የጻፈው ደግሞ እዛው ከተማ ዲቴክቲቭ ሆኖ የሠራ ሰው። አለቆች ቁጥር እንዲያምርላቸው ሥራ ሲያበላሹ፣ አንድ ኬዝ ሙሉ ሲዝን ሲፈጅ፣ ዋናው ሰውዬ ሲያመልጥ ታያለህ። መጀመሪያ ሦስት አራት ኤፒሶድ ምንም አይገባህም፣ ታገስ። ለባለቤትህ ግን እንዳታሳያት።

ሪሞት_የኔ_ነው፦
ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ፣ እኔ ሊፈርዱልኝ ብዬ። ባለቤቴ ሁሉንም አንብባ ስክሪንሾት አድርጋ ለእናቷ ልካለች። ሆኖም አንድ ነገር አልቀበልም፣ ኤስቪዩ ላይ ማንም የማይሰማቸው ሴቶች ሲሰሙ ታያለህ፣ እሱ ዋጋ አለው፣ ቤንሰንን ሆና የምትሠራው ማሪስካ ሃርጊታይ ራሷ ከዛ ተነስታ በ2004 ለተጠቂዎች ድርጅት አቋቁማለች። የጠበቃውን ነገር ግን ልክ ነህ፣ እኔም ጠበቃ የጠራውን «ያዙት እሱ ነው» ስል ነው የኖርኩት። ለጊዜው የተስማማነው አርብ የኔ ቅዳሜና እሁድ የሷ ነው። የኮሪደሩ ሰው፣ አንድ ጥያቄ፣ የፓርኪንግ ቅጣትም ፕሊ ዲል አለው እንዴ?

የፍርድ_ቤት_ኮሪደር፦
እሱን ጠበቃ ጠይቅ፣ እኔ አስተርጓሚ ነኝ ሃሃሃ።