ኤኪናሲያዬ ደሴ ላይ ክረምቱን አላልፍ አለ

የሸዋ በሯ (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ሸዋ በር ነው የምኖረው። እህቴ ከአሜሪካ የኤኪናሲያ ዘር ልካልኝ ነበር፤ ያ ዙሪያው ሐምራዊ ሆኖ መሐሉ እንደ ጃርት የቆመው አበባ። አምና ሰኔ ላይ ዘርቼው ጥቂት በቀለ። ነሐሴ ላይ ግን አንገቱ እየጠቆረ፣ ሲነኩት እየተቆረጠ አለቀ። የግቢዬ አፈር ዋልካ ነው። የገደለው ብርዱ ይሆን? ግማሹ ዘር አሁንም አለኝ፣ እንዳይባክንብኝ ምከሩኝ።

ችግኝ ሻጩ (ኮምቦልቻ)፦
አብሽሪ እህቴ፣ ብርዱ አይደለም። ይህ ተክል በአገሩ፣ በሰሜን አሜሪካ፣ በረዶ ምድሩን ሸፍኖት ይከርምና በጋው ሲመጣ ከሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል። የደሴ የታኅሣሥ ውርጭ ምንም አያደርገውም። የማይችለው የተኛ ውሃ ነው። ዋልካ በሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ውሃ ይዞ ይከርማል፤ ሥሩ አየር ያጣና አንገቱ ይበሰብሳል።

መደቡን ከግቢው ወለል 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጊው፤ ዳሩን በድንጋይ ደግፊው። ዋልካው ላይ ጥቂት አሸዋ መነስነስ ዋጋ የለውም፣ ሲደርቅ ይብሱን ይጠጥራል። ቀይ አፈር አስመጥተሽ በደንብ ከበሰለ ኮምፖስት ጋር ደባልቂ። ስትተክይው ቅጠሉ ከሥሩ የሚገናኝበት ቦታ ከአፈሩ ጋር እኩል ይሁን፤ ከተቀበረ ይበሰብሳል። ፀሐይ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ያግኘው።

ጊዜውንም ቀይሪው። ታኅሣሥ ላይ ዘሩን እርጥብ አሸዋ ውስጥ አድርገሽ፣ በፌስታል ቋጥረሽ ፍሪጅ ውስጥ 4 ሳምንት አስቀምጪው፤ በረዶ የሚሠራበት ክፍል ግን አይግባ። ከዚያ በችግኝ ፕላስቲክ ዝሪና አፈር በስሱ አልብሺው። በ2 ወይም በ3 ሳምንት ብቅ ይላል። ሚያዝያ ላይ በ45 ሳንቲ ሜትር ርቀት ወደ መደቡ አዛውሪው። ክረምት ሲገባ ሥር ይዞ ይጠብቀዋል።

የገራዶዋ፦
ጋሼ ያሉት ልክ ነው። ጥሬ ፍግ ግን አደራ! አገዳው ይረዝምና ነፋስ ሲመጣ ይተኛል። ቀንድ አውጣም ገና በሁለት ቅጠሉ ሌሊቱን ሙልጭ አድርጎ ነው የሚበላው። ማታ በባትሪ እየዞርሽ ልቀሚው።

የግብርና መምህር (ደሴ)፦
ማንም ያላነሳውን አንድ ነገር ልጨምር። ኤኪናሲያ የሚያብበው የቀኑን ርዝመት ተከትሎ ነው። በአገሩ በጋ ቀኑ 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይደርሳል፤ ደሴ ግን ሰኔ ላይ እንኳ 13 አይሞላም። ስለዚህ ቅጠሉ አምሮ አበባ ቢዘገይ ተክሉ ታሞ አይደለም። ከመደቡ በላይ አንድ አምፖል ሰቅላችሁ፣ ከመሸ በኋላ ለሦስት አራት ሰዓት ብታበሩለት ይረዳዋል፤ አበባ አምራቾችም በመብራት ቀን የሚያስረዝሙላቸው ተክሎች አሏቸው። ደግሞም በመጀመሪያው ዓመት አብዛኛውን ጊዜ ቅጠል ብቻ ነው፣ አበባውን በሁለተኛው ጠብቁ።

የሸዋ በሯ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። አምፖሉ ከበረንዳው ይደርሳል። አንድ ነገር ግን፣ እናቴ ለጉንፋን አፍልቼ ልጠጣው እያለች ነው። ምን ልበላት?

ፋርማሲስቷ፦
ጉንፋን ያድናል የሚለው ጠንካራ ማስረጃ የለውም። ሌላ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሐኪማቸውን ሳይጠይቁ አይጠጡት። ከኑግና ከአደይ አበባ ጋር አንድ ቤተሰብ ስለሆነ፣ የእነሱ ብናኝ የሚያስነጥሳቸው ከሆነ ጭራሽ ይቅርባቸው።

ችግኝ ሻጩ፦
ሲያብብ የደረቀውን ራስ ሁሉ እንዳትቆርጪው። ሁለት ሦስቱን ተይው፣ ለከርሞ ዘር ይሆንሻል። የተላከልሽ ድቅል ዝርያ ከሆነ ግን የሚበቅለው እናቱን ላይመስል ይችላል፤ ያኔ ሦስትና አራት ዓመት ሲሞላው ሥሩን ከነቅጠሉ ከፍለሽ መትከል ይሻላል።