ክርክር፦ ነዋሪው «ሰፈሬ ላይ ፎቅ አይሠራ» ማለት ይችላል ወይ?

አወያይ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ፒያሳ በ2016 ፈረሰ፣ ካዛንቺስ በ2017። ከካዛንቺስ የተነሣው ብዙ ሰው ዛሬ ከተማው ዳር ገላን ጉራ ነው። ነገ የሌላ መሀል ከተማ ሰፈር ተራ ሲደርስ ነዋሪው «አልነሣም፣ ፎቁም ይቅር» ቢል ያስኬደዋል? ስድብ የለም፤ ስለ ቤቱ አውሩ።

ግንበኛው፦ አያስኬደውም። የከተማ መሬት በ1967 በአዋጅ 47 የመንግሥት ሆኗል፣ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 አጽንቶታል። ደግሞ ምኑን ነው የምንጠብቀው? ያዘመመ የጭቃ ቤት፣ የጋራ ሽንት ቤት፣ የእሳት አደጋ መኪና የማይገባበት ቅያስ? ከተማው ወደ ጎን እየሰፋ የዳር ገበሬውን ከሚያፈናቅል ወደ ላይ ቢወጣ ይሻላል።

የቄራ ልጅ፦ ቤቱ ለምን አዘመመ ታዲያ? በዚያው አዋጅ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ቀበሌው አያድስም፤ ተከራዩ ላድስ ሲል ፈቃድ አምጣ ይባላል። ሃምሳ ዓመት እንዲህ ተይዞ ሲያረጅ «አርጅቷልና ውጡ»! ፎቅ አልጠላንም ወንድሜ። ፎቁ ላይ ማን ሊገባ ነው? ልደታ ሲፈርስ እዚያው ቦታ ላይ ኮንዶሚኒየም ተሠርቷል፤ ስለዚህ አይቻልም አትበለኝ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ፦ እኔ ያደግኩበት ግቢ ሜዳ ሆኖ በቪዲዮ ሳየው አለቀስኩ። ቢያንስ ታሪኩ ይጠበቅ።

ኮዬ ፈጬ ነኝ፦ ወንድምዓለም፣ አንተ ለትዝታ ነው የምትፈልገው። እኛ ክረምት በገባ ቁጥር ጣሪያው ሥር ባልዲ እንደረድር ነበር። ተነሥቼ ኮንዶሚኒየም ገብቻለሁ፤ ሽንት ቤቴ የራሴ ነው፣ ልጆቼም ክፍል አላቸው። ለቀበሌ ቤቱ አላለቅስም። እናቴ ግን እንጀራ ሸጣ ነበር ያሳደገችን። ደንበኞቿ መሀል ከተማ ቀሩ፤ እዚህ ጎረቤቱ ሁሉ ለራሱ ጋጋሪ ነው። አሁን እጄን ትጠብቃለች፣ እሱም ያሳፍራታል። ውሃ ሲጠፋ ደግሞ ጀሪካን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለንም። ዕድራችንም በየአቅጣጫው ተበትኗል።

ግንበኛው፦ እህቴ፣ ይሄ የትራንስፖርትና የውሃ ችግር ነው። ፎቁ ምን አደረገ?

ኮዬ ፈጬ ነኝ፦ አብሮ ነው የሚመጣው እኮ።

ጠበቃዋ፦ «ነዋሪ» እያላችሁ ሁሉንም አንድ አደረጋችሁት። መሬት ስለማስለቀቅና ስለ ካሳ በወጣው አዋጅ 1161 ባለይዞታው ካሳ አለው፤ አቅም ካለውም በፕላኑ መሠረት ቦታውን ራሱ የማልማት ቅድሚያ አለው። ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ የሚከፈል ካሳም አለ፤ ዕድር ለተበተነበት ሰው ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። የቀበሌ ቤት ተከራይ ሲነሣ የሚቀርብለት ምርጫ ሌላ የቀበሌ ቤት ወይም ቅድሚያ ክፍያውን ችሎ ኮንዶሚኒየም መግዛት ነው። ደባሉስ? ከግለሰብ ጓዳ የተከራየችው የቀን ሠራተኛስ? እነሱ አብዛኛውን ጊዜ መዝገቡ ላይም የሉም። አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል፤ ፕሮጀክቱን የማስቀረት ድምፅ ግን ሕጉ ለማንም ነዋሪ አልሰጠም።

ግንበኛው፦ ያልኩትን ነው ያልሽው።

ጠበቃዋ፦ ግማሹን ጋሼ። ማስቀረት አይችሉም ማለት መደራደር አይችሉም ማለት አይደለም። እኔ ብሆን «ፎቅ አይሠራ» በሚለው ጉልበቴን አልጨርስም። ተራ በተራ ይፍረስ፣ መጀመሪያ የሚያልቀው ሕንፃ ለሰፈሩ ሰው ይሁን፣ ምድር ቤቱ ላይ ለጉልትና ለእንጀራ ሻጭ ቦታ ይተው እላለሁ።

የቄራ ልጅ፦ ባለሀብቱ ባዶ መሬት ነው የሚፈልገው። ሰው እየኖረበት ተራ በተራ ማን ይሠራልሃል?

ግንበኛው፦ በሥራው ያለሁበት ነኝ፣ ይሠራል። ጊዜና ገንዘብ ይጨምራል እንጂ። ጭማሪውን ማን ይክፈል የሚለው ላይ ግን አልስማማም፤ አልሚው ላይ ብቻ ከተጫነ የቤቱ ዋጋ ላይ ያወራርደዋል።

ጠበቃዋ፦ ለመሬቱ ከሚከፍለው ሊዝ ይቀነስለታ።

ኮዬ ፈጬ ነኝ፦ ደባሎቹን እንዳትረሷቸው ብቻ። ከኛ ግቢ ሁለት ቤተሰብ ነበሩ፤ የት እንደገቡ ዕድሩም አያውቅም።