ከክረምት በፊት በችግኝ መሸጫ መደቦቻችን የሚለጠፈው የጽጌረዳ በሽታ መለያ፦ ረቂቁ ላይ ሐሳብ ስጡ

መደብ 2፦ ረቂቁ ይኸው። በየመደቡ መግቢያ ይለጠፋል፣ ወጪው ከማኅበሩ ካዝና። አራት ፎቶ አለው፦ ፓውደሪና ዳውኒ የሚባሉት የሻጋታ በሽታዎች፣ ጥቁር ነጠብጣብ፣ የግንድ ሥር እባጭ። ፓውደሪ ለጋ ቅጠልና እንቡጥ ላይ እንደ ዱቄት ይነሰነሳል፣ ቅጠሉንም ያጨማድዳል። ጥቁር ነጠብጣብ ከታችኛው ቅጠል ይጀምራል፤ ክብ ነው፣ ጠርዙ የተበጣጠሰ፣ ዙሪያው ቢጫ።

መደብ 5፦ ሦስተኛው ፎቶ ላይ ከኋላ የሚታየው አረንጓዴ መረብ የኔ ነው። ይውጣ።

መደብ 9፦ መረብ ሁሉም አለው። ይልቅ ዳውኒው ላይ ጨምሩ፦ ወይን ጠጅ መልክ አለው፣ በቅጠሉ ጅማት ተገድቦ ማዕዘን ይሠራል። አምና ግማሹ ሰው ፓውደሪ መስሎት ሰልፈር (ድኝ) ረጨ። ሰልፈር ዳውኒን አይነካውም፤ ገንዘቡም ችግኙም ሄደ።

መደብ 5፦ ጥጉ የተቀደደ መረብ የኔ ብቻ ነው። ደንበኛ አይቶ በሽታው ከማን እንደመጣ ይወስናል።

መደብ 2፦ እቆርጠዋለሁ አልኩህ።

መደብ 5፦ ካልክ ሳምንት አለፈ!

መደብ 7፦ የመረቡ ነገር ይብቃ። እባጩን «ቆርጦ መቀባት» ብሎ የጻፈው ማነው? ባክቴሪያ ነው፣ አይድንም። ችግኙ ከነአፈሩ ይወገድ፣ መግረዣው በየችግኙ መሀል በ70 በመቶ አልኮል ይጠረግ። አለዚያ በአንድ መቀስ መደቡን ሁሉ ታዳርሳላችሁ።

መደብ 5፦ እትዬ፣ የርስዎ መደብ ቢለጠፍ ዝም ይሉ ነበር?

መደብ 7፦ ይለጠፍ። ነገ መጥታችሁ ፎቶ አንሱ፤ ፓውደሪ የሌለበት መደብ የለም።

መደብ 5፦ ይቅርታ እትዬ፣ ለርስዎ አልነበረም።

መደብ 9፦ የማተሚያ ዋጋ አጣራለሁ ያለው መደብ 4 የት ገባ?

መደብ 11፦ የመረብ ነገር ካነሳችሁ፣ መረብ ዝናብ አይከለክልም። ቅጠል 7 ሰዓት ያህል ረጥቦ ከቆየ ጥቁር ነጠብጣብ ይይዘዋል። በዚሁ ገንዘብ ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ጣሪያ በጋራ እንግዛ። ጎኑ ክፍት ይሁን፤ ከታፈነ ቦትራይተስ የሚባለው ሻጋታ እንቡጡን ያበሰብሰዋል።

መደብ 5፦ እስማማለሁ። ከኔ ይጀመር።

መደብ 2፦ ካዝናው ሁለቱንም አይችልም።

መደብ 9፦ እንግዲያው ፎቶው ይቅር፣ ጽሑፉ ብቻ ይባዛ።

መደብ 2፦ ያለ ቀለም ፓውደሪና ዳውኒ እንዴት ይለያሉ?

መደብ 7፦ ፓውደሪ በጣት ሲጠርጉት ይነሳል። ዳውኒ ግን ጠዋት ቅጠሉ ሲገለበጥ ከሥሩ ግራጫ ሻጋታ ያሳያል። ይህን ጻፉ። ውሃ ጠዋት ጠዋት ከሥር ብቻ የሚለውንም እንዳትረሱ።

መደብ 11፦ የመደባችሁን ርዝመትና ስፋት እስከ ዓርብ ላኩ፣ ሻጩ በሜትር ነው የሚቆርጠው።

መደብ 5፦ 6 በ4።